ከመድፉ በኋላ

ከባርሴሎና የተነሣው ባቡር ባሕሩን ትቶ ወደ ምዕራብ ሲገሰግስ አገሩ ቀለሙን ይለውጣል። መጀመሪያ ወይኑ ያልቃል፤ ቀጥሎ ሌሪዳ አካባቢ ያለው የኮክና የፖም አትክልት ያልቃል። ከዚያ ወዲያ አፈሩ ይነጣል፣ ዛፉ ይሳሳል፣ ኮረብታው ራቁቱን ይቀራል። ከአዋሽ ወደ ሚሌ የወረደ ሰው ይህን ምድር ሲያየው አይገርመውም፤ የሚገርመው ብርዱ ነው። አውሮፓ ሲባል ልምላሜ ብቻ ይታየናል። የአራጎን ሜዳ ግን ውኃ የተጠማ አገር ነው፣ ሕዝቡም ዕድሜውን ሙሉ ስለ ውኃና ስለ ነፋስ ሲያወራ የኖረ ሕዝብ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1808 አንዲት የ22 ዓመት እናት ትንሽ ወንድ ልጇን ይዛ በዚሁ አቅጣጫ ተጉዛለች። ባርሴሎና በናፖሊዮን ጦር እጅ ወድቃለች፤ ባሏ የመድፈኛ ወታደር ነው፣ ከክፍሉ ጋር የት እንዳለ በየቀኑ የሚለዋወጥበት ጊዜ ነው። አጉስቲና ትባላለች። የተጠመቀችው ባርሴሎና ወደብ አጠገብ በሚገኘው የባሕሯ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ቤተሰቧም ካታላን ነው። ዛሬ ስፔን በሙሉ «አጉስቲና ደ አራጎን» ብሎ የሚጠራት ሴት አራጎን ውስጥ አልተወለደችም ማለት ነው። ሳራጎሳ የገባችው የጦርነት ተፈናቃይ ሆና ነው። ይህ ነገር ከጉዞዬ ሁሉ በፊት ልቤን የነካው፣ በየዘመኑ ልጅ አዝለው በየመንገዱ የሚሰደዱ እናቶችን ስለማውቅ ነው። ከእነሱ መካከል ነገ ማን ምን እንደምትሆን አላፊ አግዳሚው አያውቅም።

ሳራጎሳ ስንደርስ የተቀበለን ነፋሱ ነው። ሲዬርሶ ይሉታል፤ ከሰሜን ምዕራብ ይነሣል፣ የኤብሮን ወንዝ ሸለቆ ተከትሎ ይወርዳል፣ ደረቅና ስል ነው። አሮጊቶቹ ካፖርታቸውን አንገታቸው ላይ ጨብጠው በግድግዳ ጥግ ጥግ ይሄዳሉ። ነጠላዬን ከካፖርቴ በላይ ደርቤ ድልድዩን ስሻገር፣ ከወንዙ ማዶ የኤል ፒላር ቤተ ክርስቲያን ማማዎች ሰማዩን ተደግፈው ይታያሉ።

የኤል ፒላር ታሪክ ለኢትዮጵያዊ እንግዳ አይደለም። እመቤታችን ገና በሕይወተ ሥጋ ሳለች በዓምድ ላይ ሆና ለሐዋርያው ያዕቆብ በዚህ ስፍራ ተገለጠችለት ብለው ያምናሉ። ዓምዱ ዛሬም አለ። በብርና በሐር ተሸፍኖ የሚታየው ላዩ ነው፤ ከጸሎት ቤቱ በስተጀርባ ግን በእብነ በረድ የተከበበች ትንሽ ቀዳዳ አለች፣ በእሷ በኩል ድንጋዩ ራሱ ብቅ ይላል። ምእመናን በተራ ተንበርክከው ይሳለሙታል። ተራዬ ደርሶ ጎንበስ ስል፣ ከንፈር ያረፈበት ቦታ ጎድጉዶ አየሁት። ስንት መቶ ዓመት፣ ስንት ሚሊዮን ከንፈር ቢሆን ነው ድንጋይ የሚጎደጉደው? ከኋላዬ የቆመ ጎልማሳ ኮፍያውን በደረቱ ይዞ ተራውን ይጠብቃል። የላሊበላን ደፍ የተሳለመ ሰው ይህን ያውቀዋል፤ እምነት ድንጋይን እንዲህ አድርጎ ይቀርጻል።

በር ላይ ቀጫጭን ባለ ቀለም ጥብጣቦች ይሸጣሉ። ርዝመታቸው የእመቤታችን ምስል ቁመት ልክ ነው። ሰዉ በእጁ ያስራቸዋል፣ ሹፌሮች መስተዋታቸው ላይ ያንጠለጥሏቸዋል፣ የታመመ ሰው አልጋ ላይ ይደረጋሉ። ማተብ አንገቴ ላይ ስለ ነበረ ሻጯ አይታ ፈገግ አለችና፣ ቀዩን ጥብጣብ መርጣ ሰጠችኝ።

ከጸሎት ቤቱ አጠገብ ግድግዳው ላይ ሁለት የአውሮፕላን ቦምቦች ተሰቅለዋል። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 1936 የስፔን የእርስ በርስ ጦርነት በተጀመረ በሁለት ሳምንት የሪፐብሊኩ ወገን አውሮፕላን ጣላቸው፣ ቤተ ክርስቲያኑን መቱ፣ አልፈነዱም። ሳራጎሳዎች ተአምር ነው ብለው እዚያው ሰቀሏቸው። ከቦምቦቹ ሥር ቆሜ ብዙ ቆየሁ። ያ ዓመት ለእኛም ያው ዓመት ነው። የፋሺስት ጣሊያን አውሮፕላኖች በማይጨውና በአሸንጌ ሐይቅ ዙሪያ መርዝ ያዘነቡበት፣ አዲስ አበባ በግንቦት የተያዘችበት ዓመት ነው። ያው የሙሶሊኒ ጦር ጥቂት ቆይቶ ወደ ስፔን ለፍራንኮ ተላከ። የእኛ ቦምቦች ግን ፈንድተዋል።

እመቤታችን በሳራጎሳ የጦር ማዕረግ አላት፤ የጦር አዛዥነት ሹመት ተሰጥቷታል። አንዳንድ ጎብኚ በዚህ ሲደነቅ አየሁ። የቅዱስ ጊዮርጊስን ታቦት ይዘው ዓድዋ የዘመቱ ሰዎች ልጅ ግን ምን ይደንቃታል? በከበባው ዘመን የከተማው ሰው የተዋጋው ለንጉሥ ብቻ አልነበረም፤ ለዚህች ዓምድም ጭምር ነው። አጉስቲናን ለመረዳት መጀመሪያ እዚህ ተንበርክኮ መነሣት ያስፈልጋል ብዬ አምናለሁ።

የፖርቲዮ አደባባይ ከመሀል ከተማው ትንሽ ወጣ ይላል። በ1808 እዚህ የከተማዋ በር ነበር፤ ዛሬ አውቶቡስ ያልፍበታል፣ ተማሪዎች ቦርሳ አዝለው ይሻገሩታል። በመሀሉ በቀራፂው ማሪያኖ ቤንሊዩሬ የተሠራው የአጉስቲና የነሐስ ሐውልት ቆሟል። የቆመው በ1908፣ የከበባው 100ኛ ዓመት ሲከበር ነው። ከመድፏ ጋር ከፍ ብላ ቆማለች፤ ነፋሱ ነሐሱንም የሚያውለበልበው ይመስላል።

የሆነው ነገር እንዲህ ነው። በሰኔ 1808 የናፖሊዮን ጦር ሳራጎሳን ከበበ። ከተማዋ ጠንካራ ግንብ አልነበራትም፤ መደበኛ ወታደሯም ጥቂት ነበር። ፓላፎክስ የሚባለው ወጣት አዛዥ ገበሬውን፣ መነኩሴውንና ነጋዴውን አስታጥቆ ያዘ። ሐምሌ 2 ቀን ፈረንሳዮቹ በብዙ አቅጣጫ በአንድ ጊዜ ሰነዘሩ። ፖርቲዮ በር ላይ ያለው የመድፍ ምድብ በጥይት ታጨደ፤ መድፈኞቹ ወደቁ፤ የተረፉት ማፈግፈግ ጀመሩ። አጉስቲና ለተዋጊዎቹ ምግብ ይዛ እየመጣች ነበር። ምድቡ ባዶ ሆኖ፣ ጠላት እየሮጠ ሲቀርብ አየች። ከወደቀ መድፈኛ እጅ የሚነደውን መለኮሻ ነጥቃ የተጎረሰውን መድፍ በቅርብ ርቀት ተኮሰች። ጥቃቱ ተሰበረ። ሸሽተው የነበሩት ተመለሱ። ፓላፎክስ በቦታው የመድፈኛነት ማዕረግና ደመወዝ ሰጣት።

በሐውልቱ ፊት ለፊት ያለው የፖርቲዮ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የጀግኖቹ ሴቶች ጸሎት ቤት አለ። ጠባቂው እድሜያቸው የገፋ ሰው ናቸው፤ መብራቱን ሲያበሩልኝ «ሁሉም ለአጉስቲና ብሎ ይመጣል፤ አብረዋት ያሉትን ግን ሰላም ሳይል ይሄዳል» አሉኝ። ከአጉስቲና ጋር ሁለት ሴቶች ዐርፈዋል። አንዷ ካስታ አልቫሬስ ናት፤ በዱላ ጫፍ ሳንጃ አስራ በሌላኛው በር የተዋጋች ሴት። ሁለተኛዋ ማኑዌላ ሳንቾ፣ በሁለተኛው ከበባ የቅዱስ ዮሴፍን ገዳም ስትከላከል በመድፍም በጠመንጃም የተኮሰች ወጣት ናት። ለሦስቱም በየስማቸው ሰላም አልኳቸው።

ከዚያ ከወጣሁ በኋላ ከተማዋን በሌላ ዓይን አየኋት። ማኑዌላ ሳንቾ መንገድ ናት፣ ካስታ አልቫሬስ መንገድ ናት። መኪና የሚርመሰመስበት ትልቁ ጎዳና የማሪያ አጉስቲን ነው፤ ለተዋጊዎቹ ጥይት ስታመላልስ የቆሰለች ሴት ናት። በዚያ ጎዳና ዳር የካርሜን በር ብቻውን ቆሟል። ግንቡ ፈርሶ፣ ከተማው ከበሩ አልፎ ተስፋፍቶ፣ በሩ በትራፊክ መሀል ቀርቷል። ድንጋዩን ጠጋ ብዬ ዳሰስኩት፤ ጥይት የቦረቦረው ጉድጓድ ውስጥ ጣቴ እስከ አንጓው ገባ። አላደሱትም። ቁስሉን እንዳለ ማቆየታቸውን ወደድኩላቸው። ከእነዚህ ሁሉ ይልቅ የምታስደንቀኝ ግን እማሆይ ማሪያ ራፎልስ ናት። ሆስፒታሉ በቦምብ ሲቃጠል ሕሙማኑን ያወጣች፣ በኋላም ረሃቡ ሲጠና ወደ ፈረንሳዮቹ ሰፈር ራሷ ሄዳ ለበሽተኞቿ ምግብ የለመነች መነኩሲት ናት። መድፍ ፊት መቆም ድፍረት ነው፤ በሁለት ጦር መሀል እጅን ዘርግቶ መሄድ ከዚያ አያንስም።

ምሳ የበላሁት በጠባብ ጎዳና ውስጥ ባለች ትንሽ ምግብ ቤት ነው። ባለቤቷ፣ ወፈር ያለች ፊቷ የሚስቅ ሴት፣ «የእረኛ ምግብ ላቅርብልሽ» አለችና ሚጋስ የሚሉትን አመጣች። ደረቅ ዳቦ ተፈርፍሮ፣ ውኃ ተርከፍክፎበት አድሮ፣ በነጭ ሽንኩርትና በስብ የተጠበሰ ነው፤ ላዩ ላይ ቋሊማና የወይን ፍሬ ተጨምሮበታል። ፍርፍር ነው! ወይኑ ብቻ ተለየብኝ፤ እሱም ሁለተኛው ጉርሻ ላይ ተስማማኝ። ሴትየዋ አጠገቤ ቆማ ስበላ እያየች፣ እረኞች በክረምት ተራራውን ሲያቋርጡ የሚይዙት ደረቅ ዳቦ እንደ ነበረ ነገረችኝ። እኛም ጋ እንጀራ ደርቆ ድርቆሽ ይሆንና ለሩቅ መንገድ ይያዛል አልኳት። «ሴቶቹ ናቸው የሚያደርቁት?» አለችኝ። ሴቶቹ ናቸው።

ማንኪያዬን ይዤ ያሰብኩት ስለ አጉስቲና ቅርጫት ነው። ሐውልቱ ላይ መድፍ አለ፣ ሰይፍ አለ፤ ያመጣችው ምግብ ግን የለም። ፖርቲዮ በር ያደረሳት ጠመንጃ አይደለም። ምግብ ነው። መድፈኞቹ ሲወድቁ በዚያ ስፍራ የተገኘችው ሴት የተገኘችው፣ ሴቶች በየቀኑ በጥይት መሀል እየተመላለሱ የሚሠሩት ሥራ ስለ ነበረ ነው። የዚያን ቀን ሌላዋ ብትመጣ ኖሮ ምናልባት ዛሬ ሐውልቱ የሌላዋ ይሆን ነበር። ይህ አጉስቲናን አያሳንሳትም፤ ሌሎቹን ከፍ ያደርጋቸዋል።

በእኛ አገር ጦር ሲከት ስንቁ የሚዘምተው በሴት ጀርባ ነው። በሶው፣ ጭብጦው፣ ድርቆሹ፣ በርበሬው፣ ማሰሮው፣ ወፍጮው ጭምር። ዓድዋ ላይ የተዋጋው ጦር ከኋላው ስንት ሺህ ሴት እንዳስከተለ የዘመኑ ታዛቢዎች የጻፉት ነው። እቴጌ ጣይቱ መቀሌ ላይ የጠላትን የውኃ ምንጭ ያስያዙት ውኃ መቅዳት፣ ማጠራቀምና ማደል ምን ማለት እንደሆነ ከወንዶቹ መኳንንት ይልቅ ስለሚያውቁ ነው ብል ያጋነንኩ አይመስለኝም። የእናቴ እናት በጣሊያን ጊዜ የራስ አበበ አረጋይ አርበኞች በቡልጋ ሲዋጉ ስንቅ አቀባይ ነበረች። በሶውንና ዳቦ ቆሎውን ከቅርጫቱ ሥር አድርጋ በላዩ ኩበት ትከምርበታለች፤ ኬላ ላይ ያለው ባንዳ እጁን ኩበት ውስጥ ማስገባት ስለሚጠየፍ ያሳልፋታል። ይህን ታሪክ ከልጅነቴ ጀምሮ በየበዓሉ ሰምቼዋለሁ፤ ሁልጊዜም ኩበቱ ላይ ስንደርስ ቤቱ ይደምቃል።

ከሰዓት በኋላ ወደ ጎያ ሙዚየም ሄድኩ። ታላቁ ሠዓሊ ፍራንሲስኮ ጎያ የተወለደው ከሳራጎሳ ብዙም በማይርቀው ፉዌንዴቶዶስ በሚባል የድንጋይ መንደር ነው፤ የመጀመሪያው ከበባ በነሐሴ ከተነሣ በኋላ ፓላፎክስ ጠርቶት መጥቶ ፍርስራሹን በዓይኑ አይቷል። ከዚያ በኋላ ስለ ጦርነቱ በመዳብ ላይ ከቀረጻቸው 80 ሥዕሎች አንዱ የአጉስቲና ነው፤ «እንዴት ያለ ጀግንነት!» የሚል ርእስ ሰጥቶታል። ሥዕሎቹ የታተሙት እሱ ከሞተ ከ35 ዓመት በኋላ በ1863 ነው።

ሥዕሉ ከእጅ መዳፍ ብዙ አይበልጥም። ለማየት አፍንጫን መስተዋቱ ላይ ማድረስ ያስፈልጋል። አንዲት ነጣ ያለ ልብስ የለበሰች ሴት በሬሳ ክምር ላይ ወጥታ ቆማለች፤ ከፊቷ ግዙፍ መድፍ አለ፤ እጇን ዘርግታ ትለኩሰዋለች። ጀርባዋን ነው የምናየው። ፊቷን ጎያ ደብቆታል። ሬሳውን የረገጠችው ስለ ጨከነች አይደለም፤ መድፉ ጋ ለመድረስ ሌላ መወጣጫ ስለሌላት ነው። ሰማዩ ባዶ ነው፣ ባንዲራ የለም፣ የሚያጨበጭብ ሰው የለም። ካየኋቸው የአጉስቲና ምስሎች ሁሉ እውነተኛው ይህ ነው ብዬ የማምነው ለዚህ ነው። ፊት ከሌላት ማንም የራሱን ፊት ሊያለብሳት አይችልም፤ ጎያም ያንን የፈለገ ይመስለኛል።

«ኢትዮጵያዊት ነሽ?» አለችኝ ከጎኔ አንዲት ልጅ በእንግሊዝኛ። ቀና ስል የሀገሬ ፊት ነው። ከጓደኞቿ ጋር የመጣች የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት። ወላይታ ተወልዳ በሕፃንነቷ በጉዲፈቻ ሳራጎሳ መጣች። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2018 የውጭ ጉዲፈቻን እስክትዘጋ ድረስ ብዙ ልጆቻችን ወደ ስፔን መጥተዋል፤ እዚህ በየከተማው አድገው፣ ዛሬ ጎልማሶች ሆነዋል። አማርኛ አታውቅም። አጉስቲናን ግን አብጠርጥራ ታውቃታለች፤ ትምህርት ቤት እያለች በከበባው መታሰቢያ በዓል የዚያን ዘመን ቀሚስ ለብሳ ተውናታለች። «ከክፍሉ ልጆች ሁሉ እኔ ነኝ የተመረጥኩት» አለችኝ፤ ድምፅዋ ውስጥ ኩራት ነበረ። ልክ ናት። ከባርሴሎና ተሰድዳ የመጣች ሴት የሳራጎሳ እናት ከሆነች፣ ከወላይታ የመጣች ልጅ እሷን ብትሆን ከዚህ የተሻለ ምን ምርጫ አለ?

ከሙዚየሙ ወጥተን ቡና ጠጣን። «የእኛዋስ አጉስቲና ማን ናት?» ብላ ጠየቀችኝ። «የእኛዋ» ስትል ትንሽ አመነታች። ስለ ከበደች ሥዩም ነገርኳት፤ የራስ ሥዩም መንገሻ ልጅ፣ ባሏ ደጃዝማች አበራ ካሣ በ1936 ፍቼ ላይ በጣሊያኖች ሲገደሉ ማቅ ለብሳ በመቀመጥ ፈንታ ተዋጊዎቹን ሰብስባ በረሃ የገባች። ስለ ሸዋረገድ ገድሌ ነገርኳት፤ በጠላት አፍንጫ ሥር ሆና ለአርበኞች መሣሪያና ወሬ ስታቀብል የኖረች፣ ተይዛ ጣሊያን አገር አዚናራ ደሴት ድረስ የታሰረች፣ ተመልሳም ትግሏን የቀጠለች። ልጅቷ ስማቸውን በስልኳ ላይ በላቲን ፊደል ጻፈች፣ አነበበችልኝ፣ አረምኳት፣ እንደገና ጻፈች። ከዚያ ቀና ብላ «ከጦርነቱ በኋላስ ምን ሆኑ?» አለችኝ።

ይህ ጥያቄ ለአጉስቲናም ያልተጠየቀ ነው። እንግሊዛዊው ባለቅኔ ባይረን «የሳራጎሳዋ ድንግል» አድርጎ በአውሮፓ አስወራላት፤ ከሱ በኋላ የመጡት ሠዓሊዎችና ደራሲዎችም ፍቅረኛዋ ሲወድቅ ያበደች ኮረዳ አደረጓት። በፍራንኮ ዘመን በ1950 ትልቅ ፊልም ተሠራላት፤ ያ ሥርዓት የሚፈልጋት ደግሞ ለእምነትና ለአገር የምትቃጠል ችቦ እንድትሆን ነበር። እሷ ግን ባለትዳርና እናት ነበረች፤ ባሏም ፖርቲዮ በር ላይ አልሞተም።

ፈረንሳዮቹ በታኅሣሥ 1808 ተመለሱ። ሁለተኛው ከበባ የመጀመሪያውን ጨዋታ አስመሰለው። ማርሻል ላን ቤት ለቤት፣ ግድግዳ ለግድግዳ እየናደ ገባ፤ ከጥይቱ ይልቅ ተስቦ ፈጀው። ሳራጎሳ በየካቲት 1809 እጇን ስትሰጥ ከ50 ሺህ በላይ ሰው አልቋል ተብሎ ይገመታል። የሳንታ ኢንግራሲያ ገዳም በመጀመሪያው ከበባ መጨረሻ በባሩድ ፈርሶ ነበር፤ ዛሬ የሚታየው የተቀረጸው በር ከዚያ የተረፈ ነው፤ ሌላው አብዛኛው በኋላ የተሠራ ነው። አጉስቲና በተስቦው ታመመች፣ ተማረከች። ያ ከባርሴሎና ይዛው የመጣችው ልጅ በዚሁ ወረርሽኝ ሞተ። ሐውልቱ ሥር ይህ ተጽፎ ቢሆን ኖሮ ሰዉ ፎቶ ከመነሣቱ በፊት ትንሽ ያስብ ነበር።

ከምርኮ አመለጠች። የምክትል መቶ አለቃነት ማዕረግ ተሰጣትና ጦርነቱ እስኪያልቅ በየግንባሩ አገለገለች። ከዚያ ሰላም መጣ። የ28 ዓመት ሴት ነበረች። ባሏ በ1823 ሞተ፤ በዓመቱ በዕድሜ የሚያንሳትን ሐኪም አገባች፣ ካርሎታ የተባለች ሴት ልጅ ወለደች። በስተእርጅናዋ ከዚህች ልጇ ጋር ሄዳ የኖረችው ሴውታ ነው። ሴውታ የስፔን ከተማ ናት፤ የምትገኘው ግን አፍሪካ ውስጥ፣ የሞሮኮን ምድር ተጣብቃ ነው። አውሮፓ ሐውልት ያቆመላት ሴት የሞተችው በእኛ አህጉር ነው። ይህን ካወቅሁ በኋላ ሳልሻገር መመለስ አልቻልኩም።

መርከቡ ከአልኼሲራስ ተነሥቶ ጠባቡን ባሕር ይሻገራል። በግራ የጅብራልታር አለት፣ ፊት ለፊት የሞሮኮ ተራሮች አሉ። ሴውታ በመስጊድና በቤተ ክርስቲያን፣ በተጠበሰ ዓሣና በናዕናዕ ሻይ ሽታ የተቀላቀለች ትንሽ ከተማ ናት። በዳርቻዋ ከፍ ያለው የብረት አጥር ቆሟል። የእኛ አህጉር ልጆች፣ ከሱዳንና ከጊኒ የመጡ ሳይቀሩ፣ አንዳንዶቹ በላዩ ለመዝለል፣ አንዳንዶቹ በታራሃል ዳርቻ በኩል በባሕሩ ዞረው ለመዋኘት ሕይወታቸውን ይሰጣሉ። አጥሩን ከሩቅ አይቼ ፊቴን አላዞርኩም። ግን ስለሱ የሚጻፈው በሌላ ጽሑፍ፣ በእነሱ አንደበት ነው።

የሳንታ ካታሊና መቃብር በአቾ ተራራ ወገብ ላይ፣ ባሕሩን ፊት ለፊት እያየ ይገኛል። አጉስቲና በግንቦት 1857 በ71 ዓመቷ ስትሞት እዚህ ነው የተቀበረችው፤ በ1870 አፅሟ ወደ ሳራጎሳ ተወሰደ። እናቷ በሞተች በሁለተኛው ዓመት ልጇ ካርሎታ ስለ እሷ ልቦለድ አሳተመች። በበሩ አጠገብ አበባ የምትሸጥ ሴት ስለማን እንደመጣሁ ስነግራት እጇን ወደ ሰሜን፣ ወደ ባሕሩ ማዶ ዘረጋች፤ «የወሰዷት እነሱ ናቸው፤ እርጅናዋን ግን ያየነው እኛ ነን» አለችኝ።

ያን ዕለት ማታ አክስቴ ጋ ደወልኩ። ስለ ጉዞው አወራሁላት፣ ስለ ዓምዱ ስነግራት «ተሳለምሽልኝ?» አለች፣ ተሳልሜልሻለሁ አልኳት። ከዚያ ጠየቅኋት።

«እትዬ፣ እማማ ትልቋ ጣሊያን ከወጣ በኋላ ምን ሠራች?»

«ማን? እናቴ?» ዝም አለች። «ምን ያልሠራችው አለ ልጄ! ጠላት ሲወጣ ገና ልጅ እግር ናት። አባቴ በቁስሉ አልጋ ያዘ፣ በዓመቱ ሞተ። ወንድሞቹ መሬቱን ሊነጥቋት ተነሡ፤ ሴት ምን ታውቃለች ብለው። እሷ ምን አለች መሰለሽ፣ እኔን አዝላ፣ ታላቄን በእጇ ይዛ፣ በእግሯ ደብረ ብርሃን ችሎት ሄደች። አንዴ አይደለም፤ ዘር ሲዘራም አጨዳ ሲታጨድም ትሄዳለች። የምትከራከረው ራሷ ናት፣ ነገረ ፈጅ የሚቀጠርበት ብር ከየት ይምጣ? አርበኛ እንደ ነበረች የሚመሰክሩላት ሰዎች አስቀርባለች። ዳኛው በመጨረሻ ፈረደላት። ያ መሬት ነው እኛን ያሳደገን፤ እናትሽን ያስተማረው እሱ ነው።»

«ይህን አንድም ቀን ነግራችሁኝ አታውቁም እኮ።»

«አንቺ የምትጠይቂው ስለ ኩበቱ ነው» አለችኝ። ቀጥላም የመሰከሩላትን ሰዎች ስም ከነአባታቸው ትጠራልኝ ጀመር፤ የሆቴሉን ወረቀት ስቤ ጻፍኳቸው።